የውሰት ድስት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኩታ ገባችና ደራሲ ለመሆን ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀችኝ። ለትምህርት ቤታቸው የሥነ ጽሑፍ ክበብ ነው አለች። ልትቀዳኝ ስልኳን ወደ አፌ አስጠጋች። እኔ ገና ከሥራ መግባቴ ነበር፣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። «ትዕግሥት» አልኳት። «ብዙ ማንበብ። ተስፋ አለመቁረጥ።» አመስግናኝ ወጣች። በሩ ሲዘጋ በራሴ አፈርኩ፤ ከደጅ የመጣ ልጅን ባዶ አፉን እንደ መሸኘት ነው። ግን እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነበር፣ ያለኝም ያ ብቻ መሰለኝ።

በማግስቱ ላምበረት ታክሲ ስጠብቅ ዝናብ ያዘኝና አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ተጠለልኩ። ማሽኑ ወረቀት እየተፋ ነው። የጋለ ወረቀትና የቀለም ዱቄት ሽታ ከውስጥ መጣ፣ ከውጭ ደግሞ የእርጥብ ጋቢና የናፍጣ ሽታ። ታክሲው መጥቶ ሄደ፣ እኔ አልተሳፈርኩም። ለልጅቷ መንገር የነበረብኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ብነግራት ኖሮ ግን ስልኳ ሳይሞላ አይቀርም ነበር።

እናቴ ጉርድ ሾላ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራ ነበር። ክረምት መጥቶ ትምህርት ሲዘጋ እኔን የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ታላቅ እህቷ ዘንድ አዋለችኝ። አክስቴ ብዙነሽ ትባላለች፤ እኔ እታለም እላት ነበር። ከላምበረት መናኸሪያ አጥር ተለጥፎ የተሠራ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠራበት አንድ ክፍል ሱቅ ነበራት። ሰው ማመልከቻ፣ ውል፣ የሥራ ልምድ፣ የሙት ዓመት ጥሪ ያስጽፋል። እታለም ሁሉንም በአንድ ፊት ትጽፈዋለች። የሞተውንም የተቀጠረውንም እኩል ነው የምታየው።

አንገቷን ያማት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከወረቀት ወደ ስክሪን፣ ከስክሪን ወደ ወረቀት ስትል ትውልና ማታ ላይ ሰው ሲጠራት ከነትከሻዋ ነው የምትዞረው። እኔ ሦስተኛ ክፍል ጨርሼ ማንበብ ስለቻልኩ ሥራ ሰጠችኝ፤ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ ስክሪኗን ብቻ እያየች ትጽፋለች። ነጥቡንም ሁሉ አንብቢ ብላኛለች። ስለዚህ «ተከራይ ውኃና መብራት ይከፍላል አራት ነጥብ» እያልኩ ነበር የማነበው። ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ሐምሌ ደግሞ ሐምሌ ነው፤ ካልጮህኩ እታለም አትሰማም። ስጮህ ደግሞ በራችን ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ዝናብ ያስጠለላቸው መንገደኞች ሁሉ ይሰማሉ። አንድ ቀን ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄዱ አንዲት መነኩሲት አራት ነጥብ ባልኩ ቁጥር «አሜን» ይሉ ነበር። ማንም አላረማቸውም። እታለም ከንፈሯን ነክሳ ውሉን ጨረሰች።

ጋሽ ተካልኝ የሚመጡት ጠዋት ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቤታቸው እንጦጦ ላይ፣ ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። ጥቁር ጃንጥላቸውንና በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ወረቀቱን ለእታለም ይሰጡና ወጥተው አግዳሚው ላይ፣ ከመንገደኞቹ መሀል፣ እኛን እንደማያውቅ ሰው ይቀመጣሉ። እኛ የእሳቸውን ወረቀት የምንሠራው ሌላው ደንበኛ ፋታ ሲሰጠን ነው፤ ያኔ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ደጅ ሆነው መንገደኞቹን ይመለከታሉ።

እኔ መንገደኛ መስለውኝ ነበር። ሌላው ሰው «ሸኖ! ደብረ ብርሃን!» ሲባል ዕቃውን አንጠልጥሎ ይሮጣል። እሳቸው ቁጭ ብለው ይውላሉ። ማታ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይመለሳሉ፣ በማግስቱም ይመጣሉ። መኪናው የቀረበት ሰው ናቸው ብዬ ደመደምኩ። የሚጽፉትም ሲሰለቻቸው ይሆናል። አንድ ቀን አንጀቴ አልችል ብሎ ከምሳ ዕቃዬ ዳቦ ቆርሼ ወጣሁና መኪናዎ ወዴት ነው የሚሄደው ብዬ ጠየቅኋቸው። ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ጥቂት አኘኩና «እሱን ባውቅማ» አሉ። በጣም አዘንኩ። የሚሄድበትን የማያውቅ መንገደኛ አይቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩን ያስረዳችኝ እታለም ናት፣ እሷም ሽሮዋን እየበላች፣ እንደ ዋዛ። ጋሽ ተካልኝ መጽሐፍ እየጻፉ ነው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ጽፈው ጽፈው አላልቅ ብሏቸዋል። ለማሳተሚያ ያላቸው ነገር ደግሞ ከቤታቸው ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ያ ዛፍ ለቤቱ ማደሻ፣ ለክፉ ቀን መጠጊያ፣ ለሁሉም ነገር የታሰበ ነው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ አይነካም ብለዋል። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ባልና ሚስቱ አንድ ነገር ተስማሙ። እስከ አዲስ ዓመት ድረስ፣ ጋሽ ተካልኝን የማያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሰማው መጽሐፍ መሆኑ ከታየ ዛፉ ይቆረጣል። ካልሆነ ብዕሩ ይቀመጣል፣ ሁለተኛም አይነሣም። ዳኛው ማን ይሁን ሲባል ወይዘሮ አስካለ «አንተው ፍረድ» አሏቸው።

«ክፉ ዳኛ ነው የሰጧቸው» አለች እታለም።

ለምን ለወዳጆቻቸው አያነቡላቸውም ብዬ ጠየቅሁ። እሱንም ሞክረውት ኖሯል። ወዳጅ ይሉኝታ ይዞት ይሰማል፣ አንብቦም ግሩም ነው ይላል። መኪና የሚጠብቅ ሰው ግን ማንንም አያፍርም። መስማት ከፈለገ ይሰማል፣ ካልፈለገ ተነሥቶ ሻይ ይጠጣል። ጋሽ ተካልኝ የሚፈልጉት እንደዚያ ያለውን ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ሳነብ በአንድ ዓይኔ አግዳሚውን ማየት ጀመርኩ። ጋሽ ተካልኝ አንገታቸውን ደፍተው ጃንጥላቸው ላይ ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ ግን ሁሉን ያያሉ። ማን የት ላይ ስልኩን እንዳወጣ፣ ማን የት ላይ እንዳዛጋ፣ ማን የመጽሐፉ ሴት ስታለቅስ የያዘውን ዶሮ ማስተካከል እንደጀመረ። አስተያየትም ነበር፣ ይሉኝታ የሌለው። አንዲት ነጋዴ የመጽሐፉን ዋና ሴት «ይቺ ሥራ የላትም እንዴ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተደፍታ» አለቻት። አንድ ጎረምሳ ደግሞ «ቦሪንግ ነው ባክሽ ማሚዬ፣ ሙዚቃ የለሽም?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ከሁሉ የገረመኝ ጋሽ ተካልኝ ራሳቸው ናቸው። ጎረምሳው ወደሳቸው ዞሮ «አይደል ፋዘር?» ሲላቸው «እውነትህን ነው፣ ረዝሟል» አሉት።

በማግስቱ ያው ምዕራፍ ተቆርጦ፣ እንደገና ተጽፎ መጣ። ከዚያም እንደገና። በእኛ ትምህርት ቤት አንድን ነገር ደጋግሞ የሚጽፍ ልጅ ጥፋተኛ ነው፤ «ሁለተኛ አልረብሽም» እያለ ገጽ ይሞላል። ስለዚህ እታለምን ጋሽ ተካልኝ ምን አጥፍተው ነው አልኳት። ምንም አላጠፉም አለችኝ። ታዲያ ማን ነው የሚቀጣቸው ስላት «ቀጥይ» አለች። ቀጠልኩ። እኔም ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር፣ እሷም አንገቷ፤ የዚያ ክረምት ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ያመዋል።

እማማ የሺ የመጡት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። የመጽሐፉ ሰው ናቸው፣ ዋናዋ ሴት ሳይሆኑ ከጎረቤት የሚኖሩ አሮጊት። ለጎረቤታቸው ልጅ ሠርግ ትልቁን ብረት ድስታቸውን ያውሳሉ። ሠርጉ ያልፋል፣ ድስቱ አይመለስም። እማማ የሺ ሄደው አይጠይቁም። ኮቴ በሰሙ ቁጥር ብቻ ወደ በሩ ያያሉ። ዓመት በዓል ይመጣል፣ በትንሿ ድስት ሦስት ጊዜ እያቀያየሩ ይሠራሉ፣ ኮቴ ሲሰሙ ወደ በሩ ያያሉ። እኔ ይህን ታሪክ ከሁሉም አስበልጬ ወደድኩት። እኛ ቤትም ጎረቤት የወሰደው ትልቅ ወንፊት ነበር፣ እናቴ በየሳምንቱ ታነሣዋለች።

አግዳሚው ግን አልወደደውም። ሁለት ሴቶች ተነሥተው ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። አንዱ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰካ። የሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ነጋዴ የሆነ፣ ንግድ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስደርግ የገባ ሰውዬ ብቻ ፖስታውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መቃኑን ተደግፎ ቆሞ ነበር። የመናኸሪያው ልጅ «ሸዋ ሮቢት የቀረህ!» እያለ መጣና እጅጌውን ያዘው። ሰውዬው አንድ እግሩን አወጣ፣ አንገቱን ወደኛ መለሰ። ልጁ ጎተተው። ሄደ። ጋሽ ተካልኝ ቀና ብለው ያዩት ጀርባውን ነው።

ያን ዕለት ማታ ገቡና «ይቺን ሴትዮ አውጫት፣ ብዙነሽ» አሉ።

እታለም ስለ ጽሑፍ አስተያየት ሰጥታ አታውቅም። ያኔ ግን ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች ቆየች። «ሙሉዋን?» አለች። ሙሉዋን አሉ። ሰው ካልሰማት ለእኔ ስል ላስቀምጣት አይገባም አሉ። «እርስዎ ያውቃሉ» አለችና ገጾቹን በሙሉ ስክሪኑ ላይ አጥቁራ የመሰረዣውን ቁልፍ አንዴ ነካች። እማማ የሺ ከነድስታቸው ጠፉ። እኔ ስክሪኑን አፍጥጬ አየሁት። የት ሄዱ ብዬ ጠየቅሁ። እታለም ሱቁን ልትዘጋ ቁልፉን እየፈለገች ነበር፣ ደክሟታልም፤ «ወደ ቤታቸው» አለችኝ። እኔም የመጽሐፉ ሰው ቤት የጋሽ ተካልኝ ቤት እንደሚሆን ገባኝ። እንጦጦ ናቸው ማለት ነው፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ በሩን እያዩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ግልጽ ነገር ነበር።

ነሐሴ ከባድ ነበር። መብራት ይጠፋል፣ ስንጠብቅ እንውላለን። የጋሽ ተካልኝ ጫማ ውኃ አስገብቶ ሲራመዱ ይጮኻል። ሳል ያዛቸው። ሲቀመጡ ጉልበታቸውን ይዘው ነው፣ ሲነሡም እንደዚያው። ጾመ ፍልሰታ ላይ ከእንጦጦ እስከ ላምበረት ሳይበሉ መጥተው ይውላሉ። እታለም አንዳንዴ ሳትጽፍ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጁን ታያለች። ይህ ሰውዬ ቤቱ ቢተኛ ምን አለበት ትላለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ።

አንድ ቀን ብቻ አግዳሚው ሞልቶ ዋለ። እኔ አነበብኩ፣ ሰው ሁሉ ሰማ፤ የሳቀበት ሳቀ፣ አንዲት ሴት ዓይኗን ጠረገች፣ ማንም ንቅንቅ አላለም። እኔ ደስ ብሎኝ ድምፄን እያሳመርኩ ነበር። ማታ ጋሽ ተካልኝ ሲገቡ እታለም እንኳን ደስ ያለዎት ልትላቸው ተነሣች። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። መንገዱ ጎርፍ ወስዶት ተዘግቶ ኖሯል፣ መኪና ባለመኖሩ ነው ሰው የተቀመጠው። «ይሄ አይቆጠርም» አሉ። እታለም ማን ያውቅብዎታል አለቻቸው። እሳቸው ወረቀታቸውን በላስቲኩ ጠቀለሉ። እኔ በጣም ተናደድኩባቸው። ባልጋ ላይ ተኝቼም ተናድጄ ነበር፤ የተሰጠውን የማይቀበል ሰው ምን ይባላል?

ጳጉሜን ገባ። ጋሽ ተካልኝ ወረቀት ሳይዙ መጡ። ያለውን ሁሉ፣ በወረቀት የወጣውንም የተሰረዘውንም፣ ሰብስበው ሊወስዱ ነው። ቁጭ አላሉም። «አልሆነም፣ ብዙነሽ» አሉ። «ሰው አልተቀመጠልኝም። ፍረድ ተብያለሁ፣ ፈረድኩ።» እታለም እስከሚመጣው ክረምት ቢሞክሩትስ አለቻቸው። ቃል እንደሰጡ ነገሯት። ከዚያ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አስተማሪ በማይናገርበት ድምፅ፣ «ደክሞኛል» አሉ። ለእኔ እጃቸውን ዘረጉልኝና ጥሩ አንባቢ እንደሆንኩ ነገሩኝ። ሲወጡ አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። መኪናቸው መጥቶላቸው የሄዱ ያህል ቦታው ባዶ ሆነ፣ እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ የሱቁ ስልክ ጮኸ። እታለም የምትጽፈው ነገር ስለነበረ ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሽንኩርት ነጋዴው ነው፣ ከሸዋ ሮቢት። ቁጥራችንን ኮፒውን ከከተትንለት ፖስታ ላይ አግኝቶ ነው። እታለም የጎደለ ወረቀት ያለ መስሏት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች።

«ኧረ ወረቀቱ ደኅና ነው» አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፣ እህቴ፣ እንዳትስቂብኝ። ያቺ ልጅ ስታነብ ሰምቼ ሳልጨርስ መኪናው ጠራኝ። ሴትዮዋ… ድስቷን መለሱላት?»

እታለም መጻፏን አቆመች። ሰውዬው አፍሮ ማብራራት ያዘ። ቤቱ ገብቶ ታሪኩን ለሚስቱ ነግሯታል። ሚስቱ፣ ሴትዮዋ ሄዳ መጠየቅ ነበረባት፣ ንብረቷ ነው ትላለች። እሱ ደግሞ ጎረቤትን ድስት አምጪ ማለት ነውር ነው ይላል። አማቱም ገብተውበታል። ወሩን ሙሉ ቤቱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ከርሟል፤ መጨረሻው ይታወቅና እንረፍ ብለው ነው ያስደወሉት። እታለም ጠይቄ እነግርዎታለሁ አለችውና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ አይቼ የማላውቀውን ነገር አየሁ፤ በጠራራ ቀን ሱቋን ቆለፈች።

ከመገናኛ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በታክሲ ሄድን፣ ከዚያ ሽቅብ በእግራችን። ጳጉሜን ስለሆነ መንገዱ ጸበል በሚሄድ ሰው ሞልቷል፣ ቢጫ ጀሪካን የተሸከመ፣ ነጠላው ከገላው የተጣበቀ። የባሕር ዛፍ ቅጠል እግር ሥር ያንሸራትታል። እታለም አንገቷን በእጇ ደግፋ በየመታጠፊያው ትቆማለች፣ እየቆመችም ለዚህ ጉዳይ ስልክ አይበቃም ነበር ወይ እያለች ራሷን ትወቅሳለች። ጋሽ ተካልኝ ግን ስልካቸውን ዘግተውታል። እኔ አልደከመኝም። እማማ የሺን ላያቸው ነው።

ቤቱ ስንደርስ ባልና ሚስቱ ለዓመት በዓሉ ግድግዳቸውን እየመረጉ ነበር። ጋሽ ተካልኝ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃውን በእግራቸው ይረግጣሉ፣ ወይዘሮ አስካለ እየዘገኑ ይለስናሉ። አጠር ያሉ፣ ጭቃ ያልነካው ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። ጋሽ ተካልኝ ቀና ብለው ሲያዩን ፊታቸው ሌላ ነበር። በሽታ የለቀቀው ሰው ፊት ነው። ሳሉም ቆሟል። እታለምም ይህን ሳታይ አልቀረችም፤ የመጣችበትን ለመናገር ቸገራት። እንኳን አደረሳችሁ አለች፣ ዝናቡ አለች፣ መንገዱ አለች። ሴትዮዋ ውኃ ሊያመጡልን ሲሉ እታለም አይ አይ ብላ እጃቸውን ይዛ አስቀረቻቸው። ነገሩን ሳትናገር ልትመለስ እንደሆነ ታወቀኝ።

እኔ በዚህ ሁሉ መሀል ወይዘሮ አስካለን እያየሁ ነበር። ኮቴያችንን ሲሰሙ ወደ በሩ ነው የዞሩት። ጠጋ አልኩና «እማማ፣ ድስትዎን መለሱልዎ?» አልኳቸው።

እጃቸው ግድግዳው ላይ ቀረ።

«የምን ድስት?» አሉ። መልሱን ከእኔ አልጠበቁም፤ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ስለ ድስቴ ጻፍክ?»

ጋሽ ተካልኝ ከጭቃው አልወጡም። «ጽፌ ነበር። አውጥቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሰው አልሰማውም ብዬ።»

ያኔ እታለም ተናገረች። የነጋዴውን ስልክ፣ የሚስቱን ነገር፣ የአማትየውን ነገር ሁሉ ዘረገፈችው። ጋሽ ተካልኝ ደግመሽ ንገሪኝ አሏት። ቆሞ የነበረው የት ጋ ነው፣ ጀርባውን የሰጠው ነው ወይ፣ ያ የተጎተተው? እሱ ነው። ከጭቃው ወጥተው የደረጃው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸውን ሳይታጠቡ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጭቃውን ከጣቶቻቸው መሀል እያወጡ «አንድ ሰው ነው» አሉ። «አንድ ሰው ለዛፍ አይበቃም፣ አስካለ። ቃሌ ቃል ነው።»

ወይዘሮ አስካለ የዛፉን ነገር የሰሙም አይመስሉም። «ምን ብለህ ነው የጻፍከኝ?» አሉ።

ጋሽ ተካልኝ ቀስ ብለው ነገሯቸው። ድስቱን ማዋሳቸውን፣ ሠርጉ ማለፉን፣ አለመመለሱን፣ ሄደው አለመጠየቃቸውን፣ ኮቴ በሰሙ ቁጥር በር በር ማየታቸውን።

«ሞኝ አድርገህ።»

«ሞኝ አላልኩም።»

«ድስቷ ይመጣል ብላ በር በር የምታይ ሴት ሞኝ ካልሆነች ምንድን ናት?» እጃቸውን በባልዲው ውኃ አለቀለቁ። «አንተ ያኔ ሰላሌ ነበርክ፣ ለማስተማር። ልጅቷ በሠርጓ ሳምንት መሞቷን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ድስቴ እዚያ ቤት ነበር። የሠርጓ ወጥ የተሠራበት ሳይመለስ የለቅሶዋ ንፍሮ ተቀቀለበት። ራሴ ነኝ ያማሰልኩት። ሄጄ አምጡልኝ ልበል?»

«አይባልም» አሉ ጋሽ ተካልኝ።

«አይባልም። እናትየው ግን ጨዋ ናት፣ የሰው ዕቃ አትይዝም። አንድ ቀን አጥባ ተሸክማው ትመጣለች ብዬ ፈራሁ። በር የማየው ለዚያ ነው። እንዳይመጣብኝ ነው የማየው።»

የጸበል ሰዎች ከላይ እየዘመሩ ይወርዱ ነበር። ጋሽ ተካልኝ ሚስታቸውን አዩ፣ ትናንት እንዳገቧት ሴት።

«ይህን ነግረሽኝ አታውቂም» አሉ።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ጋሽ ተካልኝ አንገታቸውን ደፉ። እታለም ነጠላዬን ጎትታ ወደ በሩ ወሰደችኝ፣ እኔ ግን ጆሮዬ እዚያው ነበር።

«ደክሞኛል፣ አስካለ።»

«እኔም ደክሞኛል» አሉ ወይዘሮ አስካለ። የተረፈውን ጭቃ በእርጥብ ጆንያ ሸፈኑትና መጥተው ከጎናቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ዛፉ አይነካም። ብዕርህን አስቀምጥ ያልኩህ ግን እኔ ነኝ፣ አንሣ የምልህም እኔ ነኝ። ብዙነሽን ጥራትና ትስማ፣ ያቺ ልጅም ትምጣ። ከመጀመሪያው ልንገርህ።»